አጥንት፦ ሸክሙን የሚያነብ ሕያው ሕንጻ

መግቢያ

በቋንቋችን አጥንት የሚለው ቃል ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከዘርና ከሞት ጋር ተያይዞ ነው። የዘር ሐረጉን የሚተርክ ሰው «አጥንት ይቈጥራል» ይባላል፤ ለአገሩ የወደቀ አርበኛ «ደሙን አፍስሶ፣ አጥንቱን ከስክሶ» ተብሎ ይወሳል፤ ሥጋ ፈርሶ ከመቃብር የሚቀረውም አጽም ነው። አብዛኞቻችን በትምህርት ቤት ስለ አጥንት የተማርነውም በሽቦ ተያይዞ ከቆመ ደረቅ አጽም ወይም ከመጽሐፍ ሥዕል ነው። ከዚህ የተነሣ አጥንት ሲባል የሞተ፣ የማይለወጥ፣ ሥጋን ለመሸከም ብቻ የቆመ ምሰሶ ይመስለናል።

እውነታው ከዚህ እጅግ የተለየ ነው። የአንባቢያችን አጥንት በዚህች ደቂቃ በእጅግ ብዙ ጥቃቅን ቦታዎች ላይ እየፈረሰ፣ በሌሎች ቦታዎች ላይ ደግሞ እየተገነባ ነው። ከአንድ አዋቂ ሰው አጥንት ውስጥ በየዓመቱ 10 በመቶ ያህሉ ፈርሶ በአዲስ ይተካል። ከሁሉ በላይ የሚያስገርመው ግን ግንባታው በዘፈቀደ የሚካሄድ አለመሆኑ ነው። አጥንት የሚያርፍበትን ሸክም መጠንና አቅጣጫ ያነባል፤ ራሱንም እንደ ንባቡ ያስተካክላል።

የእኛ ሙያ ፊዚክስ እንጂ ሕክምና አይደለም። ይሁን እንጂ ለከፍተኛ ትምህርት በውጭ አገር በነበርንበት ዘመን፣ በአንድ የቁሳቁስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከብረትና ከሴራሚክ ናሙናዎች ጎን አንድ የበሬ ቅልጥም ቁራጭ በመጭመቂያ መሣሪያ ሲፈተን ተመልክተን ነበር። ቅልጥምን እስከዚያ ቀን ድረስ የምናውቀው መቅኔው የሚመጠጥ ጣፋጭ ምግብ መሆኑን ብቻ ነበርና በውጤቱ እጅግ ተደነቅን። በዚህ ጽሑፍ የሰው አጥንት ከምን እንደተሠራ፣ እንዴት እንደሚፈጠርና እንደሚያድግ፣ እንዲሁም ይህ ዕውቀት ለልጆቻችን ጤና ምን ትርጉም እንዳለው እንመለከታለን።

በማጀት ውስጥ የሚሠራ ሙከራ

አጥንት የሁለት ባሕርያት ቅልቅል መሆኑን ለማረጋገጥ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከዶሮ ወጥ የተረፉ ሁለት የእግር አጥንቶችን በሚገባ አጥበን እናዘጋጅ። አንደኛውን በአቼቶ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ነክረን፣ አቼቶውን በየሁለት ቀኑ እየለወጥን ለአንድ ሳምንት ያህል እናቆየው። አቼቶ አሲድ በመሆኑ በአጥንቱ ውስጥ ያለውን ማዕድን ያሟሟዋል። ከሳምንት በኋላ አጥንቱ ቅርጹን እንደጠበቀ ይገኛል፤ ነገር ግን በጣቶቻችን ስንይዘው እንደ ጎማ ይታጠፋል። ሁለተኛውን አጥንት ደግሞ ከቤት ውጭ፣ በከሰል እሳት ላይ እስኪነጣ ድረስ እናቃጥለው። ይህኛውም ቅርጹን አይለቅም፤ ነገር ግን በጣት ሲጫኑት እንደ ደረቀ ኖራ ይፈረፈራል።

በመጀመሪያው አጥንት ውስጥ የቀረው ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ነው። በሁለተኛው ውስጥ የቀረው ደግሞ ሃይድሮክሲአፓታይት የተባለው ማዕድን ሲሆን፣ ይህም በ10 የካልሲየም አቶሞች፣ በ6 ፎስፌቶችና በ2 ሃይድሮክሲሎች ጥምር የሚወከል ክሪስታል ነው። በክብደት ሲታይ ከአጥንት 65 በመቶ ያህሉ ማዕድን፣ 25 በመቶ ያህሉ በአብዛኛው ኮላጅን፣ የቀረው 10 በመቶ ያህል ደግሞ ውኃ ነው። በሰውነታችን ካለው ካልሲየም ውስጥ 99 በመቶው የሚገኘው በአጥንትና በጥርስ ሲሆን፣ መጠኑ በአዋቂ ሰው አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ይደርሳል።

የዚህ ቅልቅል ጥበብ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። የጭቃ ቤት የሚሠራ ሰው ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክቶ ያቦካል እንጂ ባዶ ጭቃ አይመርግም። ጭቃው መጨመቅን ይችላል፤ ሲሳብ ግን ይሰነጠቃል። ጭዱ ሲጨመቅ ይታጠፋል፤ ሲሳብ ግን ይይዛል። በዘመናዊው ሕንጻ ደግሞ ኮንክሪቱ የጭቃውን፣ ፌሮው የጭዱን ሥራ ይሠራሉ። በአጥንት ውስጥ ማዕድኑ ጭቃው፣ ኮላጅኑም ጭዱ ነው። ልዩነቱ በመጠን ላይ ነው፤ የአጥንት ክሪስታሎች ውፍረት ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ሲሆን፣ አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

ውጤቱ እነሆ። ከሰው የጭን አጥንት ጠንካራ ክፍል የተቆረጠ ናሙና በቁመቱ አቅጣጫ ሲጨመቅ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር ላይ ወደ 190 ኒውተን የሚደርስ ጉልበት ይችላል። ይህን በዕለት ተዕለት ቋንቋ ብንገልጸው፣ ስፋቱ አንድ ካሬ ሴንቲሜትር ብቻ የሆነ የአጥንት ቁራጭ ሳይደቅ ወደ 19 ኩንታል ሊሸከም ይችላል ማለት ነው። በሚሳብበት ጊዜ ደግሞ አቅሙ ወደ 13 ኩንታል ይወርዳል። በመጠምዘዝ የሚመጣውን የመቀስ ዓይነት ጫና ግን ከዚህ በእጅጉ ባነሰ መጠን ነው የሚቋቋመው። እግሩ መሬት ላይ ተተክሎ ሰውነቱ የተጠመዘዘበት የእግር ኳስ ተጫዋች ቅልጥሙ የሚሰበረው በዚህ ምክንያት ነው።

የሕንጻው አሠራር

ረጃጅም አጥንቶች በመካከላቸው ባዶ መሆናቸው ድክመት ይመስላል። ጋሊሌዮ ጋሊሌይ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው ስለ ሁለት አዳዲስ ሳይንሶች በሚናገረው መጽሐፉ ይህን ጉዳይ አንሥቶ፣ የወፍ አጥንትና ሸምበቆ ባዶ በመሆናቸው ክብደት ሳይጨምሩ ጥንካሬ እንደሚያገኙ አመልክቷል። ስሌቱን እኛም ልንሠራው እንችላለን። አንድ ድፍን ዘንግ ወስደን፣ ከመካከሉ የዲያሜትሩን ግማሽ ያህል ስፋት ያለው ቀዳዳ ብናወጣለት፣ የምንቀንሰው ቁስ የጠቅላላውን አንድ አራተኛ ነው። መታጠፍን የመቋቋም አቅም ግን የሚለካው በዲያሜትር አራተኛ ርቢ ስለሆነ፣ የምናጣው ጥንካሬ የግማሽ አራተኛ ርቢ፣ ማለትም አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ ይሆናል። ከክብደቱ 25 በመቶ ሲቀነስ ከጥንካሬው የጠፋው 6 በመቶ ገደማ ነው። ዘንግ ሲታጠፍ ዋናውን ጫና የሚሸከመው የውጭው ክፍል በመሆኑ፣ መካከሉ ላይ የሚቀመጠው ቁስ ሸክም እንጂ ረዳት አይደለም። ሰውነታችን ይህን ክፍት ቦታ ለመቅኔ ማስቀመጫ አድርጎታል።

የአጥንት ሕብረ ሕዋስ በሁለት ዓይነት ይከፈላል። የመጀመሪያው የውጭውን ቅርፊት የሚሠራው ጥቅጥቅ አጥንት ሲሆን፣ ከአጥንታችን ጠቅላላ ክብደት 80 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ይህ ክፍል በማጉያ መሣሪያ ሲታይ፣ ልክ እንደ ተቆረጠ የዛፍ ግንድ ክብ ክብ ንብርብር ካላቸው ጥቃቅን ዓምዶች የተሠራ ነው። በየዓምዱ መካከል የደም ሥር የሚያልፍበት ቦይ አለ። እነዚህን ቦዮች እ.ኤ.አ. በ1691 የገለጻቸው እንግሊዛዊው ሐኪም ክሎፕተን ሄቨርስ በመሆኑ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። ሁለተኛው ዓይነት በአጥንት ጫፎችና በአከርካሪ ውስጥ የሚገኘው ስፖንጅ መሰል አጥንት ነው። ይህ ክፍል ቀጫጭን ወጋግራዎች እርስ በርስ የተሳሰሩበት መረብ ነው።

ስለዚህ መረብ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ የሚወሳ አንድ ገጠመኝ አለ። እ.ኤ.አ. በ1866 በስዊዘርላንድ ዙሪክ ከተማ የሰውነት አካላት ተመራማሪው ሄርማን ፎን ሜየር የጭን አጥንትን የላይኛውን ጫፍ ሰንጥቆ የውስጡን ወጋግራዎች አቀማመጥ በሥዕል ያሳይ ነበር። ሥዕሉን የተመለከተው የምሕንድስና ፕሮፌሰር ካርል ኩልማን የመስመሮቹን አቅጣጫ ወዲያውኑ ለየው። በዕቃ ማንሻ ክሬን ክንድ ውስጥ ጫናው የሚተላለፍባቸውን መስመሮች ሲያሰላ ያገኘው ንድፍ ከዚያ አጥንት ጋር ተመሳሳይ ነበር። መሐንዲሱ በስሌት የደረሰበትን መንገድ አጥንቱ አስቀድሞ ሠርቶት ተገኘ። ከዚያም ጀርመናዊው ሐኪም ዩልየስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተመው መጽሐፍ የአጥንት ቅርጽ ከሚሸከመው ጫና ጋር እንደሚለዋወጥ በሕግ መልክ አቀረበ። የቮልፍ ሒሳባዊ አገላለጽ በኋላ ብዙ እርማት ቢደረግበትም ዋናው ሐሳብ ጸንቶ ቆይቷል።

ሦስቱ ሠራተኞች

ሕንጻ ያለ ሠራተኛ አይሠራም። በአጥንት ውስጥ ሥራውን የሚያከናውኑት ዋና ዋና ሕዋሳት ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ አፍራሾች፣ ማለትም ኦስቲዮክላስቶች ናቸው። እነዚህ ብዙ ኒውክሊየስ ያሏቸው ትልልቅ ሕዋሳት ከአጥንት ላይ ተለጥፈው አሲድና ኢንዛይም በማመንጨት ያረጀውን አጥንት ይሟሟሉ፤ በአቼቶው ሙከራችን ያየነውን ዓይነት ሥራ ይሠራሉ ማለት ነው። ሁለተኛዎቹ ገንቢዎች፣ ማለትም ኦስቲዮብላስቶች ሲሆኑ፣ በመጀመሪያ የኮላጅኑን መረብ ይዘረጋሉ፤ ቀጥሎም ማዕድኑ በመረቡ ላይ እንዲረጋ ያደርጋሉ። ከገንቢዎቹ አንዳንዶቹ ራሳቸው በሠሩት አጥንት ውስጥ ተቀብረው ይቀራሉ። እነዚህ የተቀበሩት ሦስተኛዎቹ ሕዋሳት ኦስቲዮሳይቶች ይባላሉ፤ በአዋቂ ሰው አጥንት ውስጥ ካሉት ሕዋሳት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑትም እነርሱ ናቸው። ተቀበሩ እንጂ አልሞቱም፤ በቀጫጭን ቦዮች ውስጥ በዘረጓቸው ክንዶች ከጎረቤቶቻቸው ጋር መልእክት ይለዋወጣሉ።

በአንድ ቦታ ላይ አፍራሾቹ ሥራቸውን በጥቂት ሳምንታት ይጨርሳሉ፤ ገንቢዎቹ ግን የፈረሰውን ለመተካት ሦስት ወር ገደማ ይፈጅባቸዋል። ማፍረስ ከመገንባት እንደሚፈጥን እዚህም እናያለን። በወጣትነት ግንባታው ይበልጣል፤ በመካከለኛ ዕድሜ ሁለቱ ይመጣጠናሉ፤ በእርጅና፣ በተለይም በሴቶች የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ፣ ፍርስራሹ ያመዝናል።

አጥንት እንዴት ይፈጠራል? እንዴትስ ያድጋል?

የፅንስ አጥንት መፈጠር የሚጀምረው በእናቱ ማሕፀን ውስጥ ከስድስተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ነው። አፈጣጠሩም በሁለት መንገድ ነው። እንደ ራስ ቅል ያሉት ጠፍጣፋ አጥንቶች በስስ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ በቀጥታ ይሠራሉ። በጨቅላ ሕፃን ራስ ላይ በእጃችን የምንዳስሰው ለስላሳው እርግብግቢት ይህ ሥራ ገና ያልተጠናቀቀበት ቦታ ነው። እንደ ጭንና ክንድ ያሉት ረጃጅም አጥንቶች ግን በመጀመሪያ የሚቀረጹት በልም አጥንት ነው፤ ይህም በአፍንጫችን ጫፍና በጆሯችን ላይ የምናገኘው ተጣጣፊ አካል ዓይነት ነው። በኋላ የደም ሥር ወደ ልም አጥንቱ ሲገባ፣ አፍራሾችና ገንቢዎች ተከትለው ይገቡና በእውነተኛ አጥንት ይተኩታል። ሕፃን ሲወለድ 270 ያህል የአጥንት ክፍሎች ይኖሩታል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ እየተጋጠሙ ሄደው በአዋቂነት ቁጥራቸው 206 ይሆናል።

አጥንት ወደ ቁመት የሚያድገው በየትኛው ቦታ ነው? ይህን ጥያቄ በቀላል ሙከራ የመለሰው እንግሊዛዊው ስቲቨን ሄልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1727 ባሳተመው መጽሐፍ እንደገለጸው፣ የአንዲት ጫጩትን የእግር አጥንት መካከለኛ ክፍል በሁለት ቦታ ላይ ነደለው። ጫጩቷ ካደገች በኋላ አጥንቱ በጣም ረዝሞ ተገኘ፤ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት ግን አልተለወጠም። ስለዚህ ዕድገቱ ከመካከል ሳይሆን ከጫፎቹ አካባቢ መምጣቱ ግልጽ ሆነ።

ዛሬ እንደምናውቀው በእያንዳንዱ ረጅም አጥንት ጫፍ አጠገብ የዕድገት ሰሌዳ የሚባል ስስ የልም አጥንት ንብርብር አለ። በዚህ ሰሌዳ ውስጥ ያሉ ሕዋሳት እንደ ተደረደረ ሳንቲም ዓምድ ሠርተው ይባዛሉ፤ ያብጣሉ፤ በመጨረሻም ቦታቸውን ለአጥንት ይለቃሉ። በዚህ ሁኔታ ጫፉ ከመካከሉ እየራቀ ይሄዳል። የጉርምስና ሆርሞኖች ሥራቸውን ሲፈጽሙ ሰሌዳው ራሱ ወደ አጥንት ይለወጣል፤ የቁመት ዕድገትም ያበቃል። ይህ በልጃገረዶች ከወንዶች ልጆች ሁለት ዓመት ያህል ቀድሞ ይፈጸማል። ወደ ጎን የሚሆነው ውፍረት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ አጥንትን ከውጭ የሚሸፍነው ልባስ አዳዲስ ንብርብሮችን ይጨምራል፤ ከውስጥ በኩል ደግሞ አፍራሾች የመቅኔውን ቦታ ያሰፋሉ።

አንድ ሰው በሕይወት ዘመኑ ከሚኖረው ከፍተኛ የአጥንት ክምችት እስከ 90 በመቶ የሚደርሰው በልጃገረዶች እስከ 18፣ በወንዶች እስከ 20 ዓመት ዕድሜ ድረስ ይጠራቀማል። የኋለኛው ዘመን ሁሉ የሚኖረው በዚያ ቁጠባ ላይ ነው።

ሸክምን ማንበብ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። አጥንት ሸክሙን እንደሚያነብ በምን እናውቃለን? የሜዳ ቴኒስ የሚጫወት ሰው ኳሱን የሚመታው በአንድ እጁ ነው፤ ሁለቱም እጆቹ ግን አንድ ዓይነት ምግብ፣ አንድ ዓይነት ሆርሞንና አንድ ዓይነት ዘር አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 በታተመ ጥናት፣ የታወቁ ተጫዋቾች የሚጫወቱበት ክንድ የላይኛው አጥንት ቅርፊት ከሌላው ክንድ ይልቅ በወንዶች ወደ 35 በመቶ፣ በሴቶች ወደ 28 በመቶ ወፍሮ ተገኝቷል። በተቃራኒው፣ ክብደት በማይሰማበት ሕዋ ውስጥ የሚቆዩ ጠፈርተኞች ልዩ ጥንቃቄ ካላደረጉ ከዳሌያቸው አካባቢ በየወሩ ከ1 እስከ 1.5 በመቶ የሚሆን የአጥንት ማዕድን ያጣሉ። ሸክም ሲቀር አጥንቱም ይሄዳል ማለት ነው።

የንባቡ ዘዴ ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1957 ጃፓናውያኑ ኤይቺ ፉካዳና ኢዋኦ ያሱዳ ደረቅ አጥንት ሲጫኑት የኤሌክትሪክ ቻርጅ እንደሚያሳይ አረጋገጡ። ይህ ግኝት በተለይ ለእኛ ለፊዚክስ ሰዎች እጅግ የሚማርክ ነበር፤ ብዙዎችም ምስጢሩ ተፈታ ብለው ነበር። ሆኖም ሕያው አጥንት ደረቅ አይደለም። በዛሬው ዕውቀት ይበልጥ ተቀባይነት ያገኘው ማብራሪያ ፈሳሽን የሚመለከት ነው። ስንሮጥ አጥንታችን ከ1,000 እጅ 2 ወይም 3 እጅ ያህል ይለመጣል፤ ይህም በዓይን የማይታይ ነው። ይሁን እንጂ ውኃ ያዘለ ስፖንጅ ሲጨበጥ እንደሚሆነው፣ በቀጫጭኖቹ ቦዮች ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወዲያና ወዲህ ይገፋል። የተቀበሩት ኦስቲዮሳይቶች የዚህን ፈሳሽ እንቅስቃሴ ይሰማሉ። በሰላሙ ጊዜ ስክለሮስቲን የተባለ ፕሮቲን በማመንጨት የገንቢዎቹን ሥራ እንደ ፍሬን ይይዙታል፤ ሸክም ሲሰማቸው ግን ፍሬኑን ያላላሉ። ይህ ዕውቀት በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው ሮሞሶዙማብ የተባለው የአጥንት መሳሳት መድኃኒት የሚሠራው ይህንኑ ፕሮቲን በመግታት ነው።

ፈሳሹ የሚንቀሳቀሰው ጫናው ሲለዋወጥ ብቻ በመሆኑ፣ አጥንት ለማይነቃነቅ ሸክም ብዙም ምላሽ አይሰጥም። ሩቢንና ላንየን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 በአእዋፍ የክንፍ አጥንት ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ በቀን 4 ጊዜ ብቻ የሚደረግ ጫና አጥንቱ እንዳይሳሳ ለማድረግ በቂ ሆኖ ተገኘ፤ 36 ጊዜ ሲደረግ አጥንቱ በግልጽ ጨመረ፤ ወደ 1,800 ጊዜ ሲያድግ ግን ከ36ቱ የበለጠ ጥቅም አልታየም። ከዚህ የምንማረው፣ ለአጥንት የሚበጀው እስከ ድካም የሚደርስ ልፋት ሳይሆን አጭርና በየቀኑ የሚደጋገም እንቅስቃሴ መሆኑን ነው። ገመድ የምትዘል፣ ሰኞ ማክሰኞ የምትጫወት ልጅ ሳታውቀው የነገ አጥንቷን እየሠራች ነው።

የድንቅነሽ ጉልበት

በአማርኛ «ጉልበት» የሚለው ቃል የእግርን መገጣጠሚያም፣ በፊዚክስ የምንለካውንም ግፊት ይጠራል። ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ላይ የሚገናኙበት ታሪክ በአገራችን አለ።

ጨቅላ ሕፃን ሲወለድ የጭኑ አጥንት ከጉልበቱ በላይ ቀጥ ያለ ነው። ሕፃኑ ቆሞ መሄድ ሲጀምር ግን በየእርምጃው የሚያርፈው ሸክም የዕድገት ሰሌዳውን በአንድ ወገን ይበልጥ እንዲሠራ ያደርገዋል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም አጥንቱ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። በአዋቂ ሰው ይህ ዝንባሌ 10 ዲግሪ ያህል ይደርሳል፤ ጉልበቶቻችን ከሰውነታችን ክብደት ሥር እንዲሆኑ የሚያስችለንም እርሱ ነው። በሕመም ምክንያት ፈጽሞ ሳይራመዱ ባደጉ ልጆች ላይ ግን ዝንባሌው አይታይም። ይህ ማዕዘን ሲወለዱ አብሮ የሚገኝ ሳይሆን በመራመድ የሚገኝ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1974 በአፋር ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ አላት። የጭኗ አጥንት ይህ ዝንባሌ አለው። ስለዚህ ድንቅነሽ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር ብቻ ሳይሆን፣ ይህን መንገድ በልጅነቷ እንደጀመረችው አጥንቷ ይመሰክራል። የመጀመሪያ እርምጃዎቿ የጻፉት ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ግንባታው ሲጓደል

አጥንት በልጅነት የተጻፈበትን ይህን ያህል የሚጠብቅ ከሆነ፣ በዚያ ዕድሜ የሚደርስ ጉድለትም በቀላሉ አይፋቅም። በአገራችን በስፋት ከታዩት አንዱ ሪኬትስ የተባለው በሽታ ነው። በዚህ በሽታ ኮላጅኑ ይዘረጋል፤ ማዕድኑ ግን አይረጋበትም። ጭዱ አለ፤ ጭቃው ጎድሏል። ልጁ በለሰለሰ አጥንት ላይ ሲቆም እግሮቹ ይጎብጣሉ፤ የጎድን አጥንቶቹም ይለሰልሳሉ።

ዋናው ምክንያት ካልሲየምን ከአንጀት ለመቀበል የሚያስፈልገው ቫይታሚን ዲ ማነስ ነው። ይህ ቫይታሚን በቆዳችን ውስጥ የሚሠራው የሞገድ ርዝመታቸው ከ290 እስከ 315 ናኖሜትር በሆኑ የፀሐይ ጨረሮች አማካይነት ነው። የእናት ጡት ወተት ለሕፃን ተወዳዳሪ የሌለው ምግብ ቢሆንም የቫይታሚን ዲ መጠኑ አነስተኛ ነው። የ13 ወር ፀሐይ አገር ተብላ በምትታወቀው ኢትዮጵያ ሕፃናት በፀሐይ እጦት መታመማቸው የሚያሳዝንም የሚያስገርምም ነገር ነው። ምክንያቱ ግን ከቤታችን አይርቅም፤ ብርድ እንዳያገኘው፣ ሰው ዓይን እንዳይገባ እያልን ሕፃኑን ተጠቅልሎ በቤት ውስጥ እንዲቆይ እናደርጋለን። አንዳንዶቻችን ደግሞ በመስኮት መስታወት በኩል ፀሐይ የምናሞቀው ይመስለናል። የተለመደው የመስኮት መስታወት ሙቀቱንና ብርሃኑን ቢያስገባም፣ ከላይ የጠቀስናቸውን ጨረሮች ግን ወደ ውስጥ አያሳልፍም ማለት ይቻላል።

ጉዳቱ በእግር መጉበጥ ብቻ አያበቃም። ሉሉ ሙሔና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ የሳንባ ምች ከነበረባቸው 500 ሕፃናት መካከል 210ዎቹ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ የሳንባ ምች ካልነበረባቸው 500 ሕፃናት መካከል ግን 20 ብቻ። አንዱ ማብራሪያ ለፊዚክስ ሰው ግልጽ ነው፤ ደረት አየር የሚስበው እንደ ወናፍ ነው፤ የወናፉ ግድግዳ ከለሰለሰ ስቦ ማስገባት አይችልም። ቫይታሚን ዲ ራሱ በሰውነት የመከላከል አቅም ውስጥ ድርሻ እንዳለውም ይታወቃል።

ማዕድን መብዛቱም ብቻውን ጥንካሬ አይሆንም። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ብዙ የጉድጓድ ውኃዎች ፍሎራይድ ይበዛባቸዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው ከፍተኛ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚህ በእጅጉ የበለጠ ፍሎራይድ ለብዙ ዓመታት የጠጣ ሰው፣ በአጥንቱ ክሪስታል ውስጥ የሃይድሮክሲልን ቦታ ፍሎራይድ ይተካዋል። አጥንቱ በኤክስሬይ ሲታይ ነጥቶና ጠጥሮ ይታያል፤ ነገር ግን ተሰባሪ ይሆናል፤ መገጣጠሚያዎችም ይደርቃሉ። ጥንካሬ የሚገኘው ከማዕድኑና ከኮላጅኑ ሚዛን ነው እንጂ ከአንዱ ብዛት አይደለም።

ስለ ስብራትም አንድ ቃል እንጨምር። የተሰበረ አጥንት በመጀመሪያ በረጋ ደም ይከበባል፤ ቀጥሎ በልም አጥንት ይያያዛል፤ ከዚያም ወደ አጥንት ይለወጣል፤ በመጨረሻም ሸክሙ በሚጠይቀው መሠረት ይታረማል። በማሕፀን የተከናወነው ሥራ እንደገና ይደገማል ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ደም የግድ ያስፈልጋል። ስብራትን በቀርከሃ ስንጥር አጥብቆ ማሰር አጥንቱን ቢያቆምም፣ የደም ዝውውርን ካቆመ ግን እጅና እግር እስከ መቁረጥ ያደርሳል። ከታሰረው በታች ያሉት ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ሕመሙ ከበረታ፣ እስኪነጋ ሳይጠበቅ ማሰሪያውን አላልቶ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያሻል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው አጥንት ከጭቃና ከጭድ እንደሚሠራ ቤት ሁለት ባሕርያትን አጣምሮ የያዘ፣ የራሱን ሠራተኞች በውስጡ ያኖረ፣ የደረሰበትን ሸክም እያነበበ ራሱን የሚያድስ ሕያው ሕብረ ሕዋስ ነው። ግንባታው በደንብ እንዲካሄድ ማዕድንና ፕሮቲን፣ ፀሐይ፣ እንዲሁም እንቅስቃሴ ያስፈልጉታል። ጤፋችን ከብዙዎቹ የእህል ዓይነቶች የተሻለ ካልሲየም አለው፤ ፀሐዩም በደጃችን ነው፤ ሜዳውም በአብዛኛው ክፍት ነው።

እንግዲህ በቤታችን ጨቅላ ካለ፣ ምን ያህል ጊዜና እንዴት ፀሐይ መሞቅ እንዳለበት፣ የቫይታሚን ዲ ጠብታ ያስፈልገው እንደሆነም በአቅራቢያችን ያለውን የጤና ባለሙያ እንጠይቅ፤ ከመስኮቱ ጀርባም ወደ ደጅ እናውጣው። ከፍ ያሉት ልጆች ሲዘሉና ሲሯሯጡ «አርፋችሁ ተቀመጡ» ከማለታችን በፊትም በአጥንታቸው ውስጥ ግንባታ እየተካሄደ መሆኑን እናስታውስ። የግንባታው ዘመን አጭር ነው፤ ሕንጻው ግን ዕድሜ ልካቸውን የሚኖሩበት ነው።